ተደብቆ መጠበቅ ጀግንነት፣ ተራምዶ መቅረብ ስርቆት?

ሰሞኑን ስለ ውሃ ወፎች አደን በተደረገ ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ አዳኝ ነኝ ባይ፣ በትንንሽ ጅረቶች ዳር ኮቴን አጥፍቶ ዳክዬ ማደን «ስርቆት እንጂ አደን አይደለም፤ ወፏ ዕድል አታገኝም» ብለው አረፉት። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። የእሳቸው አደን ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ገና ሳይነጋ ቄጠማ መሀል መሸሸጊያ ይቀልሳሉ፣ የፕላስቲክ ዳክዬዎች ውሃው ላይ ይበትናሉ፣ በፉጨት የዳክዬ ድምፅ እያስመሰሉ የሚያልፈውን መንጋ «ኑ፣ እዚህ ሰላም ነው» ይሉታል። ከዚያ ይተኩሳሉ። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!

«ዕድል አታገኝም» ያሉትን እንያዘው። የዳክዬ ዓይኖች ግራና ቀኝ የተተከሉ ናቸው፤ አንገቷን ሳታዞር ዙሪያዋን በሙሉ ታያለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከመንጋው ዳር የሚተኙ የዱር ዳክዬዎች ወደ ውጭ የዞረውን ዓይናቸውን ገልጠው በግማሽ አንጎላቸው ብቻ ያንቀላፋሉ። ጥልቀት በሌለው ጅረት የሚውሉት አብዛኞቹ ደግሞ ጠልቀው ምግብ እንደሚፈልጉት ዳክዬዎች ውሃ ላይ መንደርደር አያሻቸውም፤ ካሉበት ሽቅብ ይፈናጠራሉ። አንዲት ጭራሮ ከእግርህ ሥር ቀጭ ካለች አለቀ፤ የሚተርፍህ የክንፍ ድምፅና የሚናወጥ ውሃ ነው። ዕድል ያጣው ታዲያ ማን ነው?

ለእኔ ዋናው ጉዳይ ግን ርቀት ነው። ጅረት ዳር የሚሄድ ሰው ወይ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ድረስ ይጠጋል፣ ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለዚያ ሲል ከዳሩ ርቆ በሜዳው ይዞራል፤ ውሃው ታጥፎ ፍሰቱ ጋብ ከሚልበት ቦታ በደረቱ ተስቦ ብቅ ይላል። ድንጋይ ላይ እየተንኳኳ የሚወርደው ውሃ ኮቴውን እንዲሸፍንለት መንገዱን ይመርጣል። ነፋሱንም ያያል፤ ዳክዬ ፊቷን ወደ ነፋስ አዙራ ነው የምትነሳው። ሰፊ ውሃ ላይ ያደፈጠውስ? ሰዓታት ጠብቋል፣ በርዶታል፣ እጁን ይበላዋል። መንጋው በስልሳ ሜትር ሲያልፍ «እስቲ ልሞክር» ይላል። ከጠመንጃው የተበተነው ፍሬ፣ ማለትም ጥቃቅኑ የጥይት እንክብል፣ አንዱ ክንፍ፣ አንዱ አንጀት ይነካል፤ ወፏ እየተንሸራተተች ሄዳ ቄጠማ ውስጥ ትወድቃለች፣ ማንም ሳያገኛት ትሞታለች። በአሜሪካ ለውሃ ወፎች አደን እ.ኤ.አ. ከ1991፣ በአውሮፓ ኅብረት ረግረጋማ ስፍራዎች ከ2023 ጀምሮ የእርሳስ ፍሬ ተከልክሎ ብዙው አዳኝ ወደ ብረት ፍሬ ከዞረ ወዲህ ደግሞ (ክልከላው ተገቢ ነው፣ እርሳስ ወፍ ይመርዛል) ርቆ መተኮስ ይበልጥ ነውር ሆኗል። ብረት ከእርሳስ ይቀላል፣ ጉልበቱን ቶሎ ይጨርሳል። ሰውየው ስለዚህ ትንፍሽ አላሉም።

አንድ ነገር ልስጣቸው፦ በጠባብ ጅረት በየቀኑ ከተመላለሱበት ዳክዬ ይሸሸዋል። ያም ቢሆን የስግብግቦች ጥፋት ነው እንጂ የአካሄዱ አይደለም።

በመጨረሻ እጄን አውጥቼ «ባለፈው ወቅት መትተው ያላገኟቸው ስንት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱን ማን ይቆጥራል!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።