«ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው»

ወንዝ ለበዓል ተዘጋ ሲባል የሚያኮርፍ አለ። የዘጋውን ባለሥልጣን የሚራገም አለ። ጀልባውን አዙሮ ዳር ላይ አስሮ የሚቀመጥ ወኔ ቢስም አይጠፋም። እኔ እጅ የምነሳው ለአራተኛው ሰው ነው፤ ሰምቶ እንዳልሰማ፣ አይቶ እንዳላየ፣ ሞተሩን ቀነስ፣ አንገቱን መዘዝ አድርጎ፣ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው» እያለ በብርቱካናማዎቹ ተንሳፋፊ ምልክቶች መካከል ሹልክ ለሚለው።

ነገሩ ላልገባቸው ላስረዳ። ርችት ሲተኮስ፣ ቀዛፊዎች ሲወዳደሩ፣ መርከቦች ተሰልፈው ሲያልፉ፣ ወንዙ ከዚህ ድልድይ እስከዚያ ድልድይ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋል። በአሜሪካ ይህን የመወሰን ሥልጣን ያለው የኮስት ጋርድ፣ ማለትም የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል፣ መኮንን «የወደብ ካፒቴን» ይባላል። የእኛም ሰው ካፒቴን ነው። ባርኔጣው ላይ በወርቃማ ክር ተጠልፏል፤ ልጆቹ ለልደቱ የሰጡት ነው። ታዲያ ካፒቴን ካፒቴንን ምን ሲል ያዝዘዋል? ሕጉ ደግሞ የተከለለው ውሃ ባለበት የሚቆም ብቻ አይደለም፣ በምትጓዝ መርከብ ዙሪያ አብሯት የሚጓዝም ሊሆን ይችላል ይላል። የሚሄድ አጥር! የቆመውን ያላከበረ ሰው የሚሄደውን ያከብራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ማስታወቂያው ቀደም ብሎ ይወጣል፤ በጽሑፍም በሬዲዮም። ሬዲዮ የያዘ ጀልባ ሁሉ ጆሮ እንዲሰጠው የሚጠበቀው ጀልባዎች የሚነጋገሩበት የቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 ነው፤ የጭንቅ ጥሪም የሚደረገው በእሱ ነው። የካፒቴናችን ሬዲዮ አሁንም ከነላስቲኩ ነው። ሰውየው ዕቃ አክባሪ ነው፣ እንዲሁ በከንቱ አይነካካውም። ድምፅ ካማረው አራት ስፒከር ተገጥሞለታል፤ ሙዚቃውን ሲለቀው ዳር የተኛ ዳክዬ ሳይቀር ይነሳል። በዚያ መሃል የጥበቃ ጀልባዋ በድምፅ ማጉያ «እባክዎ ወደ ኋላ ይመለሱ» ብትለው፣ የዘፈኑ አዝማች መስሎት እጁን ያወዛውዝላታል።

አንድ የርችት ምሽት ዳር ቆሜ ይህን ጥበብ በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ወንዙ መሃል ላይ ርችቱ የተደረደረበት ባርጅ፣ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ፣ ቆሟል። በዙሪያው ምልክቶች፣ ከምልክቶቹ ወዲህ በሥርዓት የተደረደሩ ጀልባዎች፣ ከሥርዓቱ ወዲያ ደግሞ የእኛ ሰው። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው ስልኩ ላይ። የጥበቃ ጀልባዋ ወደ ላይኛው ጫፍ ስትሄድ ጠብቆ አንድ ሁለት ክንድ ወደፊት ይላል። ስትመለስ ኮከብ እንደሚቆጥር ሰው ሰማይ ሰማዩን ያያል። ስትርቅ እንደገና አንድ ሁለት ክንድ። ሁለት ወጣት ጠባቂዎች አንዱን መልሰው ወደ ሌላው ሲሄዱ፣ ከሌላው ሲመለሱ የመጀመሪያው ገብቶ ሲያገኙት፣ ሥራቸው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖ አመሸ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ካፒቴናችን ግን ማንንም አልናቀም፤ ሁለቱንም ልጆች በየዙሩ በፈገግታ ሰላም እያለ ነው የነቀነቀው።

ሲጠይቁት መልስ አላጣም። «እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ የተንቀሳቀሰው ወንዙ ነው!»

አትሳቁ፣ እውነቱን ነው። ጀልባ ፍሬን የለውም። ሞተሩ ጠፍቶ መልህቅ ያልተጣለለት ጀልባ ጅረቱ ወደወሰደው ይሄዳል፣ ነፋሱ ያግዘዋል፣ አሽከርካሪውም ጥግ ይዞ የቆመ ይመስለዋል፤ ጨለማ ላይ አጠገቡ የሚያመሳክርበት ነገር የለማ። ከላይኛው በኩል የቆመ ጀልባ ማንም ሳይነካው ተንሸራትቶ ርችቱ ሥር ሊገኝ ይችላል። ክልሉን ሰፋ አድርገው የሚከልሉት አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች የጻፉት የሕግ አንቀጽ የለም፣ የካፒቴናችንን ጉዳይ ግን በሦስት ቃል ጨርሰውታል።

ስለ ርቀቱ ካነሳን፣ እዚህ ላይ የጀግናችን ንቀት በስሌት የተደገፈ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ እንደሚለው፣ ለእያንዳንዱ ኢንች የርችት ዲያሜትር ተመልካቹ 70 ጫማ መራቅ አለበት። ባለ 12 ኢንች ርችት ከተተኮሰ 840 ጫማ፣ ወደ 256 ሜትር መሆኑ ነው። ካፒቴናችን ይህን ሲሰማ ቁልቁል እግሩን አየ። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፣ እሱም አንድ እግሩ ጠፍቶበታል። 840 ጫማ ከየት ያምጣ? ከዚያም ከፍ ብሎ የሚፈነዳው ርችት፣ ፍሙ፣ ካርቶኑና አመዱ ቁልቁል የሚወርደው ማን ላይ እንደሆነ ሲነገረው እንዲህ አለ፦ «ውሃ ላይ እኮ ነን። እሳት ውሃ ላይ ምን ያደርጋል?» ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሳት ካየው ምን ለየው የተባለው ለሰው ነበር፤ ለካ ከፋይበርግላስ ለተሠራ ጀልባም ይሠራል።

ደግሞ የሚደንቀኝ ሳይፈነዳ የሚወድቀው ርችት ነው። ሁሉም አይፈነዳም። ያልፈነዳው ውሃ ላይ ወይም ባርጁ ላይ ይቀራል፤ ባለሙያዎቹ ፈትሸው ደህና ነው እስኪሉ ድረስ ክልከላው አይነሳም። ሰማዩ ጸጥ ካለ በኋላ ወንዙ ለምን ተዘግቶ ይቆያል የሚለው የብዙዎች ቁጣ መልሱ እዚህ ነው። ካፒቴናችን ግን ለፍተሻ የተለየ ዘዴ አለው። ቀድሞ ይገባና የሚንሳፈፈውን ክብ ነገር ለማስታወሻ ያነሳል። አንድ የማውቀው ሰው ሳሎኑ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር። ሚስቱ ለምን ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት እንደከረመች እስካሁን አይገባውም።

ካፒቴናችን ብቻውን አይደለም፤ ይህ ሙያ ዘርፍ ዘርፍ አለው። ከቀትር በፊት መጥቶ ክልሉ መሃል መልህቁን ጥሎ፣ ማታ ውጣ ሲሉት «እኔ ስመጣ አልተዘጋም ነበር» የሚል አለ፤ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም የሚለውን መርህ ወንዝ ላይ ያዋለ ሊቅ ነው። በጠባብ የፕላስቲክ ታንኳ፣ ያለ አንዲት መብራት፣ ጥቁር ካናቴራ ለብሶ የሚቀዝፍ አለ፦ «እኔ ሞተር የለኝም፣ አይመለከተኝም» ይላል። ሞተር ያላቸውም በበኩላቸው እሱን አይመለከቱትም፤ አይታያቸውማ። በዚህ ወንዝ ላይ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ የሚል አዛውንትም አይታጣም። ሠላሳ ዓመት መኖሩ እውነት ነው፣ ሠላሳውንም ዓመት ሲመልሱት ኖሯል።

የቀዘፋ ውድድር ሲሆን ደግሞ ጀግንነቱ ይረቃል። ቀዛፊ ወደሚሄድበት ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው፤ ስምንት ቀዛፊ በያዘ ጀልባ ስምንቱም ወደ ኋላ እያዩ ወደፊት ይበርራሉ። ጀልባቸው ቀጭን ነው፣ ከውሃው ከፍ የሚለው ጥቂት ነው፤ አንድ የሞተር ጀልባ አጠገባቸው ሽው ብሎ ቢያልፍ የሚተወው ማዕበል ይሞላቸዋል። ማዕበል ብቻውን ምን እንደሚያደርግ በለንደኑ የቴምዝ ወንዝ ታይቷል፤ በ1912 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመታዊ የቀዘፋ ውድድር ላይ አየሩ ከፍቶ ሁለቱም ጀልባዎች ውሃ ሞላቸው፣ ውድድሩም በሌላ ቀን ተደገመ። በዚያው ውድድር በሚያዝያ 2012 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው እየዋኘ መሃላቸው ገባ። ውድድሩ ቆመ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቀጠለ፤ ከቀጠለ በኋላ መቅዘፊያዎች ተጋጭተው የኦክስፎርድ አንዱ መቅዘፊያ ተሰበረ፣ ካምብሪጅ አሸነፈ። ዋናተኛው 6 ወር እስራት ተፈረደበት። እሱስ የተቃውሞ ዓላማ ነበረኝ ብሏል። የእኛዎቹን ልዩ የሚያደርጋቸው ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ዓላማ ማድረጋቸው ነው።

ፓሪስ ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የኦሊምፒክ መክፈቻዋን በሴን ወንዝ ላይ ስታደርግ፣ ከ80 በላይ ጀልባዎች አትሌቶችን ጭነው 6 ኪሎ ሜትር ሲያልፉ፣ ከተማዋ ያሰማራችው የጸጥታ ኃይል 45 ሺህ ያህል ነበር። እኔ ይህን ቁጥር ሳይ የኩራት እንባ ነው የመጣብኝ። ካፒቴናችን እንዳይገባ ለማድረግ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ዓለም ገብቶታል ማለት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ምስጋናው ያንቀኛል። ሐምሌ 4 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.፣ ኒው ዮርክ አካባቢ ኦይስተር ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ፣ ርችት አይታ የምትመለስ 34 ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ 27 ሰዎች ጭና ተገለበጠች። ሦስት ልጆች ሞቱ። ሌሊት ነው፣ ርችቱ አልቋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ እየሮጠ ነው፣ ከየጀልባው ኋላ የሚነሳው ማዕበል እርስ በርሱ ይጋጫል፣ በብልጭታ የፈዘዘ ዓይን ጨለማውን ገና አልለመደም። በርችት ምሽት ሰው የሚፈራው ሰማዩን ነው፤ የመልሱን መንገድ የሚያስብ ጥቂት ነው። ወደ መውጫው የሚገፋፋውን ወረፋ አስቆሞ በየተራ የሚያሳልፈው ያ የሚሰደበው ጠባቂ መሆኑን በዚያ ሰዓት የሚያስታውስ የለም።

ወደ ደስታችን እንመለስ። ያን ምሽት ርችቱ አለቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ከጀልባዎቹ የጥሩንባ ድምፅ ተነሳ። ክልከላው ግን አልተነሳም፤ ባርጁ ላይ የእጅ ባትሪ የያዙ ሰዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ካፒቴናችን «ምን እየጠበቁ ነው?» ብሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጭጭ። ደግሞ አዞረ። ባትሪውን ስፒከሮቹና ከሥር የሚያበሩት ሰማያዊ መብራቶች ሲመገቡት አምሽተዋል። ስልኩን አወጣ፣ ስልኩም ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲቀርጽ ቆይቶ ሁለት ከመቶ ቀርቶታል። ሬዲዮኑ ትዝ አለው፤ የጭንቅ ቀን ነዋ! ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደለት። ያ ሬዲዮ ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ከሞተው ባትሪ ነው። እዩኝ እዩኝ ያለ ጀልባ ያን ጊዜ ተደብቆ ቀረ፤ በጨለማው ወንዝ መሃል ነጭ ባርኔጣ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ከዳር ይታየን ነበር።

መልህቅም አልጣለም። ወንዙ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

ያየችው ያቺው የጥበቃ ጀልባ ናት። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ፣ ማታውን ሙሉ አሥራ አንድ ጊዜ የመለሰው (ከዳር ሆነን ቆጥረናል)፣ ገመድ ይዞ ብቅ አለ። ገመዱን ግን አልወረወረም። መጀመሪያ የወረወረው ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ነው።

«ጌታዬ፣ እባክዎ አስቀድመው ይህን ይልበሱ።»

በአሜሪካ ኮስት ጋርድ ዓመታዊ ዘገባዎች በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱት ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ልጁ ይህን ቁጥር ያውቀው እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ካፒቴናችን ጃኬቱን ገለባበጠው፣ ሆዱ ላይ ለካው፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ጃኬቱን አጠገቡ ወንበር ላይ በክብር አስቀመጠው።

«ኧረ ተው አንተ ልጅ» አለው፣ «ዳሩ እኮ ይኸው ነው። ለአምስት ደቂቃ።»