ይድረስ ለክቡር 2147483647

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ስልኬን ከመነጠቄ በስተቀር ደህና ነኝ።

ካላስታወሱኝ ላስታውስዎ። በቀደም አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ። "ሲያልቅ እንደውላለን" ሲሉኝ ስልኬን በ251 ጀምሬ አስመዘገብኩ። ማንም አልደወለም። ተመልሼ ስሄድ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ "በ2147483647 ብንሞክር አይሠራም እኮ" አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት አዛውንትም ስልካቸው እርስዎ ሆነው ተገኙ። ከሳቸው ኋላ ያለችውም እንዲሁ። ሰልፉ በሙሉ አንድ ስልክ ነው ያለን። እድር ለመመሥረት ጥቂት ነበር የቀረን።

ኮምፒውተር የሚያውቅ የአክስቴ ልጅ ነው ነገሩን የፈታልኝ። ሲስተሙ ለስልክ የሰጠው ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት። አንዱ ቢት ቁጥሩ ከዜሮ በታች መሆን አለመሆኑን ይይዛል። የቀሩት 31 በሙሉ 1 ሲሆኑ እርስዎ ነዎት፤ 2 በራሱ 31 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ማለት ነው። ከእርስዎ የበለጠ ሲመጣ አንዳንዱ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ሳይነግርህ በእርስዎ ልክ ይቆርጠዋል። በ09 ብጀምር ኖሮ ዜሮዋ ብቻ ጠፍታ አልፍ ነበር። ሀገሬን ማስቀደሜ ነው ጉዱ!

የሰውን ጠቅልለው ይወስዳሉ፤ የራስዎ ሲሆን ግን አይካፈሉም። ለ3 የለም፣ ለ7 የለም፣ ከ1ና ከራስዎ በቀር ለማንም። ይህን ስስትዎን በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፤ ያውም ዓይኑ ማየት ባቃተው ዘመን። አካፋይ ካለዎት ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 መትረፍ እንዳለበት አወቀ። ካለም አንዱ ከ46341 በታች መሆኑ ስለማይቀር፣ እዚያ ድረስ ያሉትን እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ፈተሸ። አንድም አልተገኘም።

ከእርስዎ የሚወለድ 2305843008139952128 የሚባል ፍጹም ቁጥርም አለ። ከራሱ በቀር አካፋዮቹ በሙሉ ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ፤ 6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር እንደሆነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ባርሎው በ1811 እ.ኤ.አ. "ከዚህ የሚበልጥ ማንም አይፈልግም፤ ያስገርማል እንጂ ጥቅም የለውም" የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። ስለ ጥቅሙ አልከራከረውም። ጉዳቱን ግን ከኔ ይጠይቅ።

ደግሞ ለጥምቀት ይመጣሉ ሲባል ሰማሁ። ጊዜን ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምረው በሴኮንድ የሚቆጥሩ አሮጌ ሲስተሞች፣ ጥር 11 ቀን 2030 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ እርስዎ ዘንድ ይደርሳሉ። እኛ ጃንሜዳ ጠበል ስንጠብቅ! ከዚያ በኋላ ቦታ ስለሌለ ቀኑ ተገልብጦ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ይሆናል፤ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ። ጉዳዬ እስከዚያ ካላለቀ ልጅቷ የምትለኝን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። "ማመልከቻህ የሚገባበት ቀን ገና አልደረሰም።"

አክባሪዎ፣
2147483647
(አዛውንቱ ሳይሆኑ፣ ከፊታቸው ያለሁት)