የዮጋ ሥነ ምግባር ለዕለት ኑሮ ይሆናል?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «የዮጋ የሥነ ምግባር መርሆች ለዛሬው ኑሮ ይሠራሉ» የሚል ነው። ደጋፊዋ የዮጋ አሠልጣኝ ናት። ተቃዋሚው ቢሮ የሚውል ደመወዝተኛ ነው።

ደጋፊ፦

ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መተጣጠፍ ነው። የዮጋን ጥንታዊ የሕንድ መጽሐፍ፣ የፓታንጃሊን ዮጋ ሱትራ፣ የገለጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። መንገዱ 8 ክፍሎች አሉት። የሰውነት አቀማመጥ የሚመጣው ሦስተኛ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ሁለቱ ስለ ጠባይ ናቸው። የመጀመሪያው ያማ ይባላል። አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ ከሩካቤ መታቀብና ሀብት አለማጋበስ በእሱ ሥር ናቸው። ሁለተኛው ኒያማ ነው። እሱም ንጽሕናን፣ ባለው መርካትን፣ ትጋትን፣ ራስን ማጥናትንና ራስን ለአምላክ መስጠትን ይዟል።

እነዚህን ለመኖር ዋሻ መግባት የለብንም። ማታ ልትተኛ ስትል አንድ የሥራ ባልደረባህ የሚያበሽቅ መልእክት ላከልህ እንበል። መልሱን ጽፈህ ጨርሰሃል። የቀረህ «ላክ» የሚለውን መንካት ብቻ ነው። ሱትራው ለዚህች ቅጽበት መላ አለው። ክፉ ሐሳብ ሲይዝህ ተቃራኒውን አስብ ይላል። ያን መልስ አጥፍቶ ጠዋት በአካል ማነጋገር አለመጉዳት ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የዕለት ኑሮ የት አለ?

ተቃዋሚ፦

እህቴ፣ ለዚያ እኮ ትዕግሥት ይበቃል። እኔን ያሳሰበኝ ያልነገርሽን ነገር ነው። መጽሐፉ ያማን «ታላቁ ስእለት» ይለዋል። በትውልድ፣ በቦታ፣ በጊዜም ሆነ በሁኔታ አይገደብም። የመጽሐፉ ጥንታዊ ማብራሪያ ዓሣ አጥማጅን ምሳሌ ያደርጋል። «ከዓሣ በቀር ሌላ ፍጡር አልጎዳም» ቢል ስእለቱ ጎዶሎ ነው። «በቅዱስ ቦታ አልገድልም» የሚለውም ያው ነው። ይህ ሥርዓት ዓለምን ለተወ ሰው የተበጀ ነው፤ የመጨረሻ ግቡም ከዓለም እስራት ፈጽሞ መላቀቅ ነው። ከሩካቤ መታቀብን ዛሬ ስንቱ የዮጋ ትምህርት ቤት ይጠይቃል? ከባዱ ቀርቶ ቀላሉ ተወስዷል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ባለው መርካት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በምሳ ሰዓት ዮጋ ያሠራል። ደመወዝ ከተጨመረ ዓመታት አልፈዋል። ትርፍ ሰዓት በነጻ ነው። አሠልጣኟ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ስላላችሁ ነገር አመስግኑ» ትላለች። ሠራተኛው ረጅም ትንፋሽ ያወጣና ወደ ወንበሩ ይመለሳል። እስኪ ማን ተጠቀመ?

ደጋፊ፦

ይህ የምትለው ነገር አለ፤ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ባለው መርካት ብቻውን አልተሰጠንም። ከእሱ በፊት አለመስረቅ ተቀምጧል። የሰውን ጉልበት ሳይከፍሉ መውሰድ ስርቆት ነው። ያቺ አሠልጣኝ ይህንንም ለአሠሪው ትንገረው። ሠራተኛውም ተበድያለሁ ማለቱ አለመዋሸት ነው።

ደግሞ የሕንዱን የነጻነት መሪ ጋንዲን ተመልከት። አለመጉዳትን፣ እውነትንና ሀብት አለማጋበስን የሙጥኝ ያለ ሰው ነበር። ታዲያ አርፎ ተቀመጠ? እ.ኤ.አ. በ1930 ከሳባርማቲ እስከ ዳንዲ ወደ 390 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጓዘ። ባሕር ዳርቻ ሲደርስ ጨው አነሣ፤ ሕንዳውያን ጨው እንዳያመርቱ የሚከለክለውን የእንግሊዞች ሕግ በአደባባይ ጣሰ። ከዚያም ታሰረ። እነዚህ መርሆች ሰው ያደነዝዛሉ ካልክ መጀመሪያ ለዚህ መልስ ስጥ።

ተቃዋሚ፦

ጋንዲ የእኔ ምስክር ነው። መርሆቹን አላቀለላቸውም። ባለትዳር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1906 ከሩካቤ ለመታቀብ ተሳለ። ንብረቱን ትቶ በአሽራም፣ ማለትም በመንፈሳዊ ማኅበር መኖሪያ፣ ኖረ። ያን ሁሉ ጉልበት ያገኘው ከሙሉው ስእለት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ከሚሠራ ዮጋ አይደለም።

ደጋፊ፦

ታዲያ ሙሉውን ያልቻለ ጭራሽ አይጀምር? ጥንታውያኑም እኮ አመዛዝነዋል። ያው ያነሣኸው ማብራሪያ ንግግር ፍጡርን ለመጥቀም እንጂ ለመጉዳት አይደለም ይላል። የሚጎዳ ከሆነ እውነት መስሎ ቢታይም እውነት አይደለም። አንድ አለቃ የሠራተኛውን ድክመት መናገር አለበት። በስብሰባ መሀል ሊያሸማቅቀው ይችላል። ወይም ለብቻው ጠርቶ፣ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «ይህ ቁጥር ከዚህኛው አይገናኝም» ሊለው ይችላል። አለቃው መነኩሴ አይደለም። መርሁ ግን አብሮት አለ።

ተቃዋሚ፦

ስለ አለቃው ልክ ነሽ። አሁንም ግን አልተስማማሁም። ጀማሪ ተማሪ ሲመጣልሽ አምስቱንም ያማ ሳትሸራርፊ ንገሪው። ዓሣ አጥማጁንም ጨምሪለት። ከዚያ የሚችለውን ራሱ ይምረጥ። አሁን እየተደረገ ያለው ግን መምህሩ አስቀድሞ መርጦለት ተማሪው ሙሉውን የያዘ እየመሰለው ወደ ቤቱ መሄድ ነው።