ማስተካከያ፦ የሜሪ ወንዝ ኤሊ ጸጉር የለውም

ስለ ሜሪ ወንዝ ኤሊ ቀደም ብዬ በለጠፍኩት ጽሑፍ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። ጭንቅላቱ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነገር የራሱ ጸጉር ነው ብዬ ነበር። ኤሊ ጸጉር አያበቅልም፤ በፎቶው ላይ የሚታየው የተጣበቀበት አልጌ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሰል ነገር ነው። አብዛኞቹ የዝርያው ኤሊዎች ጭንቅላታቸው ልሙጥ ስለሆነ በ«ጸጉሩ» ልለየው የሚል ሰው ይሳሳታል።

የባሰው ሁለተኛው ነው፤ «በመላው አውስትራሊያ ይገኛል» ማለቴ። ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1994 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጥናትም ሆነ የአገሪቱ መንግሥት የጥበቃ ሰነዶች እንደሚያስረዱት፣ የሚኖረው በደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስላንድ በሜሪ ወንዝና በገባሮቹ ብቻ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ይህ ወንዝ ከተጎዳ ሌላ መሸሻ የለውም። ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ለመጣል እስክትደርስ 25 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅባት ቁጥሩ ቶሎ አያገግምም። በወንዙ ላይ ሊሠራ የታሰበው የትራቬስተን ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 በፌዴራል መንግሥቱ ውድቅ ሲደረግም አንዱ ስጋት ይኸው ኤሊ ነበር።

በጅራቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ከውሃ ውስጥ ኦክስጅን ይስባል ያልኩት ግን እውነት ነው፤ ሳንባም አለው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ ያጋራችሁት ብታድሱት ጥሩ ነው።