የባህል ፌስቲቫሉ አይነካ

በጃፓን በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ የሚያስተምሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየጨመሩ ነው። ልጁን እዚያ ለማስገባት የሚያስብ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ክፍለ ጊዜ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ ነው። አይፈረድበትም፤ የሚከፍለው ለዚያ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት የትምህርት ቤቱ የዓመት መርሐ ግብር ነው። የስፖርት ቀኑ መቼ ነው? የባህል ፌስቲቫሉስ? ዝግጅቱን የሚመሩት ተማሪዎቹ ናቸው ወይስ መምህራኑ? ልጆቹ ሁለቱን ቋንቋዎች የራሳቸው የሚያደርጉት በአብዛኛው በእነዚህ ቀናት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ለፈተና ዝግጅት ሲባል መርሐ ግብሩ ሲሸራረፍ ያሳስበኛል።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ትናንት የተጀመሩ አይደሉም። በሺዙኦካ ግዛት ኑማዙ ከተማ የሚገኘው ካቶ ጋኩን በ1992 ሒሳብና ሳይንስን ጭምር በእንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቶቹም ወሮቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ በአንደኛ ደረጃ ነበር፤ ልጆቹ ሲያድጉ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተሻገረ። ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ በጋኩጌ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ዓለም አቀፍ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2007 ተከፈተ። ከውጭ አገር የተመለሱ የጃፓናውያን ልጆች በብዛት ይማሩበታል። በ2013 መንግሥት በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ተቀባይነት ያለውን የኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ በአጭሩ አይቢ፣ ትምህርት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶችን 200 ለማድረስ አቀደ።

ቋንቋቸው ሁለት ይሁን እንጂ አብዛኞቹ በሕግ የጃፓን ትምህርት ቤቶች ናቸው። ብሔራዊውን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላሉ። ዓመታቸውም እንደሌሎቹ ኤፕሪል ላይ ጀምሮ ማርች ላይ ያልቃል። ይህ የመጣው መንግሥት በ1886 የበጀት ዓመቱን ኤፕሪል ላይ ካደረገ በኋላ ትምህርት ቤቶችም ቀስ በቀስ ስለተከተሉት ነው። በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ፣ ዓመቱን ወደ ሴፕቴምበር እናዙረው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ይገጥምልናል ተባለ። መንግሥት ግን ተወው። ጥሩ አደረገ።

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ የቼሪ አበባ በሚፈካበት ሰሞን፣ የመግቢያ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ነባሮቹ አዲስ ክፍል ይመደባሉ፤ ክበቦች አዲስ አባል ለማግኘት ይሯሯጣሉ። ሜይ ላይ የመጀመሪያው ፈተና ይመጣል። ከጁላይ ማብቂያ እስከ ኦገስት ማብቂያ እረፍት ነው። እረፍት ይባል እንጂ ክበቦቹ አያርፉም። ኦገስት ላይ አገሩ በሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቤዝቦል በቴሌቪዥን ያያል፤ በ1915 የተጀመረው ይህ ውድድር ዛሬ 49 ትምህርት ቤቶችን ወደ ኮሺየን ስታዲየም ያመጣል። ከዚያ የባህል ፌስቲቫልና የስፖርት ቀን ይከተላሉ። የስፖርት ቀን በኦክቶበር የተለመደበት አንዱ ምክንያት የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው። የተከፈተበት ዕለት፣ ኦክቶበር 10፣ ከ1966 ጀምሮ የስፖርት በዓል ተደርጎ ነበር። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። አሁን ብዙ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ቀናቸውን ወደ ሜይና ጁን አዙረውታል።

ብዙ ሰው እነዚህን ዝግጅቶች ከትምህርት ውጭ ያሉ መዝናኛዎች አድርጎ ያያቸዋል። በጃፓን እንዲህ አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ልዩ እንቅስቃሴ (ቶካትሱ) በሚል ርዕስ የክፍል ስብሰባን፣ የተማሪዎች ምክር ቤትንና የትምህርት ቤት ዝግጅቶችን የትምህርቱ አካል አድርጓቸዋል። በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ለክፍል ስብሰባ ብቻ በዓመት 35 ክፍለ ጊዜ ተመድቧል። እንደ ሒሳብ የራሱ ሰዓት አለው ማለት ነው። ከትምህርት በኋላ የሚካሄዱት የስፖርትና የሙዚቃ ክበቦች (ቡካትሱ) ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ልጁ በፈቃዱ ነው የሚገባባቸው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ስለ መምህራን ስናነሣ ያስፈልገናል።

ከሁሉም የባህል ፌስቲቫሉ (ቡንካሳይ) ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ተማሪዎቹ ከወራት በፊት አስፈጻሚ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚያዘጋጅ ይከራከራል። ትያትር ይሁን? ካፌ? ወይስ ክፍሉን በካርቶንና በጥቁር ጨርቅ አጨልሞ ጎብኚ የሚያስደነግጥ የመናፍስት ቤት? ድምፅ ይሰጣል። በጀት ይመደባል፤ የወጣው ገንዘብ በደረሰኝ ይወራረዳል። ምግብ የሚሸጥ ክፍል የንጽሕና ደንብ ማሟላት አለበት። አንዱ ልብስ ይሰፋል፣ ሌላው ፖስተር ይሥላል፣ ሌላው የተረኞችን ስም ዝርዝር ያወጣል። በዕለቱ ወላጁም፣ የሠፈሩም ሰው፣ የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪም ይመጣል። ሲያልቅ የገነቡትን የሚያፈርሱትና ያቆሸሹትን የሚያጸዱት ራሳቸው ናቸው።

አሁን ይህን በባለሁለት ቋንቋ ክፍል ውስጥ አስቡት። አንዷ ልጅ አሜሪካ አድጋ የመጣች ናት እንበል። እንግሊዝኛ ታቀላጥፋለች፤ በጃፓንኛ ለትልቅ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ግን ጭንቋ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም። እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ጎበዝ ነው፤ ሲናገር ያፍራል። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሁለቱም ዝም ብለው መቀመጥ ይችላሉ። ቀለም አልቆ፣ በጀት አንሶ፣ ሦስት ቀን ሲቀር ግን ዝም ማለት አይቻልም። እሷ ለአስተዳደሩ ማመልከቻ መጻፍ አለባት። እሱ የትያትሩን ታሪክ ለውጭ አገር መምህሩ ማስረዳት አለበት። ያልተግባቡበት ነገር መድረክ ላይ ይታያል። ማባበል፣ እምቢ ማለት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ የተቆጣ ሰው ማብረድ የሚለመደው እንዲህ ሥራ ላይ ነው። የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይህን አይተካውም።

የትምህርት ጉዞውም ቀላል ነገር አይደለም። ኪዮቶ፣ ናራ፣ ሂሮሺማ፣ ኦኪናዋ የተለመዱት መዳረሻዎች ናቸው። ሂሮሺማ የሚሄዱት ቀድመው ያነባሉ። ብዙዎቹ ከወረቀት የታጠፉ አንድ ሺህ ወፎች ይዘው ሄደው በሰላም ፓርኩ ውስጥ ባለው የሕፃናት ሐውልት ዘንድ ያኖራሉ። ሐውልቱ በ1958 የቆመው በሳዳኮ ሳሳኪ ምክንያት ነው። አቶሚክ ቦምቡ ከተማዋ ላይ ሲጣል የ2 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በ12 ዓመቷ በደም ካንሰር ሞተች። የባለሁለት ቋንቋ ተማሪ ከዚህ ጉዞ ሲመለስ ስለ ኦገስት 6 ቀን 1945 በሁለቱም ቋንቋ መጻፍ አለበት ብዬ አስባለሁ። አያቱ የሚያነቡትንና አሜሪካዊው መምህሩ የሚያነበውን ሲጽፍ፣ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያውቁና ምን እንደሚያማቸው ማሰብ ይገደዳል። ከዚህ የበለጠ የቋንቋ ትምህርት አላውቅም።

ግብፅ የዚህን ዋጋ ቀድማ አይታለች። በ2016 ከጃፓን ጋር ተስማምታ በ2018 የግብፅና የጃፓን ትምህርት ቤቶች የሚባሉትን ከፈተች። አሁን ከ50 በላይ ናቸው። የወሰደችው ቶካትሱን ነው፤ ልጆቹ ክፍላቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ፣ ተሰብስበው ይወያያሉ፣ ተራ በተራ ክፍል ይመራሉ። እኛ ከጃፓን የወሰድነው ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ዘዴ የሆነውን ካይዘንን ነው። በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፤ ፋብሪካም ገባ። ትምህርት ቤቶቻችን ሚኒ ሚዲያ አላቸው፣ የአካባቢ ጥበቃና የቀይ መስቀል ክበባት አሏቸው። ግን ስንቶቹ የራሳቸው ሰዓትና ገንዘብ አላቸው? አዲስ አበባ ላይ ኢንተርናሽናል ለሚል ታፔላ ብዙ ብር የሚከፍል ወላጅ ይህንንም ቢጠይቅ እወዳለሁ።

ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በመምህራን ጉልበት ነው፤ መምህራኑም ደክመዋል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) በ2018 ባካሄደው ጥናት የጃፓን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር በሳምንት 56 ሰዓት ይሠራ ነበር። የተሳታፊዎቹ አገሮች አማካይ 38.3 ሰዓት ነው። ከክፍል ውጭ ለሆኑ የተማሪ እንቅስቃሴዎች ብቻ የጃፓኑ መምህር 7.5 ሰዓት ሲያውል፣ አማካዩ 1.9 ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት ለስፖርት ክበባት መመሪያ አወጣ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እረፍት ይኑር፤ ልምምዱም በሥራ ቀን ከሁለት ሰዓት፣ በእረፍት ቀን ከሦስት ሰዓት ገደማ አይለፍ አለ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የቅዳሜና የእሑዱን የክበብ ሥራ ለአካባቢ ማኅበራትና አሠልጣኞች የማስተላለፍ ሥራ ተጀምሯል።

ይህን ከልቤ እደግፋለሁ። ቴኒስ ተጫውቶ የማያውቅ መምህር እሑድ ጠዋት ቴኒስ ማሠልጠን የለበትም። ነገር ግን መምህሩን የጨረሰው በየቀኑ ያለው ክበብ ነው። የባህል ፌስቲቫል በዓመት አንዴ ነው፤ የትምህርቱም አካል ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ዝግጅት በዝቷል ሲባል፣ ለመቁረጥ የሚቀለው ይቆረጣል። በኮሮና ጊዜ ወደ ግማሽ ቀን ያጠሩ የስፖርት ቀኖች ብዙ ቦታ እንደዚያው ቀርተዋል። ባለሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ላይ ሌላም ነገር አለ። የውጭ አገር መምህራኑ ውል የማስተማሪያ ሰዓት ብቻ የያዘ ከሆነ፣ የዝግጅቱ ሸክም በሙሉ በጃፓናውያኑ ላይ ይወድቃል። ልጆቹም እንግሊዝኛ የክፍል፣ ጃፓንኛ የሕይወት ቋንቋ ነው ብለው ይለምዳሉ።

ሌላው ጫና ፈተና ነው፤ እዚህ ደግሞ ፈተናው ድርብ ነው። በጃፓን ትምህርት ቤቶች አይቢ የሚማሩት ማርች ላይ ስለሚመረቁ የመጨረሻውን ፈተና ኖቬምበር ላይ ይፈተናሉ። በተለመደው መንገድ የአገሩን ዩኒቨርሲቲ የሚፈልጉት ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ አገር አቀፉ የጋራ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎቹ የየራሳቸውን ይፈትናሉ። ፌስቲቫሉ ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር ላይ ሲውል የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ልቡ ፈተናው ላይ ነው። እናቱም ዘንድሮ ይቅርብህ ትለዋለች። እንደ እናት ልክ ናት። ግን ሥራው ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ ነው። ኮሚቴውን እንዴት መምራት እንደሚቻል፣ የተጣሉ ሁለት ክፍሎችን እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል ታናናሾቹ የሚያዩት ከትልልቆቹ ነው። ትልልቆቹ ሲቀሩ መምህሩ ይተካል። መምህሩ ሲተካ ደግሞ የልጆቹ ፌስቲቫል መሆኑ ያበቃል።

መቁረጥ ግን የግድ አይደለም። ፌስቲቫሉን ጁን ላይ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ጃፓን ውስጥ አሉ። የዝናብ ወቅት ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ሥራ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ያስኬዳል። የአይቢ ተማሪዎች ደግሞ ፈጠራን፣ አካላዊ እንቅስቃሴንና አገልግሎትን የሚያካትት ካስ የሚባል ግዴታ አለባቸው፤ እሱን ሳያሟሉ ዲፕሎማ አያገኙም። የፌስቲቫሉ ኮሚቴ ሥራ ለዚህ ይቆጠርላቸው። ያኔ እናትየዋም ልጇ ጊዜውን እያባከነ እንዳልሆነ ታያለች። የውጭ አገር መምህራን ውል ሲታደስም የፌስቲቫልና የጉዞ ቀናት ከነክፍያቸው ይግቡበት።