ልጄ ካሮት ትበላለች፤ መነጽሯንም ታደርጋለች

ዛሬ ካልተነፈስኩት አንጀቴ አይርስም። ልጄ መነጽር ማድረግ ከጀመረች ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኗል። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተክርስቲያን ደጅ፣ "ውይ፣ በዚህ ዕድሜዋ! ካሮት አትሰጫትም እንዴ?" ይሉኛል። አንዳንዷማ እኔን ትታ ለልጅቷ ነው የምትነግራት። "አውልቂው ማሚዬ፣ ዓይንሽን ያደክመዋል።" በቃ፣ መነጽሩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እኔም እንደ አዲስ ማግባባት እጀምራለሁ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ የመምህሯ ነው። ልጅቷ ከሰሌዳ እያሳሳተች ስትገለብጥ ከርማ፣ ደብተሯ ላይ "ካሮት አብሏት" የሚል ማስታወሻ መጣልኝ። አስመርምሯት የሚል ነገር የለበትም። የተማረ ሰው ነው እንግዲህ የጻፈው!

ካሮት ጠልቼ አይደለም። ጾም ሲገባ እኔ ቤት ጥቅል ጎመኑም ፎሶሊያውም ያለ ካሮት አይሠራም። ካሮትን ብርቱካናማ ያደረገው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነታችን እሱን ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀይረዋል። ዓይን በድንግዝግዝ ለማየት ይህ ቫይታሚን የግድ ያስፈልገዋል። ሲጎድል ዳፍንት ይመጣል። ልጁ ቀን ደህና ሲያይ ውሎ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ይደናበራል። ከባሰ ዓይኑ ደርቆ ይቆስላል፣ እስከ መታወርም ያደርሳል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ካሮት ክብር ይገባዋል። ጎመን፣ ዱባና ማንጎም እንደዚያው። እንቁላልና ጉበት ደግሞ ቫይታሚኑን ራሱን ይዘዋል።

የልጄ ችግር ግን ሌላ ነው። የቅርቡን አጥርታ ታያለች፣ የሩቁ ይደበዝዝባታል። ዓይኗ ከፊት ወደ ኋላ ከልኩ ትንሽ ረዝሟል። ስለዚህ ብርሃኑ ሬቲናው (ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል። መነጽሩ የሚሠራው ብርሃኑን ቦታው ላይ ማድረስ ነው። የረዘመ ዓይን ደግሞ ኩንታል ካሮት ቢበላለት አያጥርም! ቫይታሚን ኤ ላልጎደለው ሰው ካሮት መደራረብ የዓይን ኃይል አይጨምርም። ሲበዛ መዳፍን ቢጫ ያደርጋል፣ እሱም ሲቀነስ ይለቃል።

ይህን ወሬ ያገነነው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዞች የጀርመንን አውሮፕላን በሌሊት መትተው ይጥሉ ነበር። ምስጢሩ አውሮፕላኖቻቸው ላይ የገጠሙት ራዳር ነበር፤ በጨለማ የጠላትን አውሮፕላን በሬዲዮ ሞገድ የሚያገኝ መሣሪያ ነው። ለሕዝብ የተወራው ግን ጆን ከኒንግሃምን የመሰሉ አብራሪዎች ካሮት ስለሚበሉ ጨለማ ውስጥ ያያሉ ተብሎ ነው። በዚያ ላይ ምግብ በራሽን ነበርና መንግሥት ካሮት ብሉ እያለ ይቀሰቅስ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ የዚያ ወሬ ርዝራዥ ዛሬ የኔን ልጅ መነጽር ያስወልቃል።

ደግሞ ለዓይን ብላችሁ ስኳር የተሞላ የካሮት ጁስ ለልጅ የምታጠጡ፣ እባካችሁ ተዉ። ካሮት በስሎ ዘይት ሲነካው ነው ቤታ ካሮቲኑ ለሰውነት በደንብ የሚደርሰው። ወጥ ውስጥ ይበቃዋል።

ይህን ያህል የምጮኸው ሰው ስለተናገረኝ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ልጅ አንዱ ዓይኑ ብቻ ነው የሚደክመው። በደህናው ስለሚያይ ማንም አያውቅበትም። አእምሮው ቀስ በቀስ የደከመውን ዓይን መጠቀም ይተዋል። ይህ በልጅነት፣ በተለይ ትምህርት ቤት ሳይገባ ወይም እንደገባ ከተደረሰበት በመነጽርና ደህናውን ዓይን በመሸፈን ይታከማል። ዘመድ "ቆይ፣ ካሮት ይብላና ይታያል" እያለ የሚያስገፋው ጊዜ የሚቀነሰው ከነዚያ ዓመታት ላይ ነው። ልጁ አድጎ መነጽር ቢገዛለትም ያ ዓይን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።