ኮሙናሉን ክፈቱላቸው

ጎበዝ፣ ቀልድ የሚችሉ ልጆቻችን መድረክ ማጣታቸው ውስጤን ስለበላኝ ነው የምጽፈው። ከቃሊቲ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚኒባስ ስንሄድ ረዳቱ ልጅ፣ ስልክ የሚያወራ መስሎ ታክሲ ሰልፍ መሀል የሚሰነቀረውን ሰውዬ እያስመሰለ በሳቅ ገደለን፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "እሺ እማዬ፣ ደርሻለሁ" እያለ በጎን በጎን ሲሳብ ከኋላ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንባቸው ወረደ። ቀልዱን የት ነው የምትሰራው ስለው "ማን መድረክ ሰጥቶኝ ጋሼ፣ ቲክቶክ ላይ እለቃለሁ እንጂ" አለኝ።

እኔ የምኖርበት አሜሪካ ማንም ስሙን ወረቀት ላይ ጽፎ አምስት ደቂቃ ማይክ የሚይዝባቸው ቡና ቤቶች አሉ፣ ኦፕን ማይክ ይሉታል። አንዴ አንዱ ልጅ ማንም ሳይስቅለት በላብ ተጠምቆ ወረደ፣ በሌላ ሳምንት ያንኑ ቀልድ አሳጥሮ መጣና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኮሜዲያን የሚወጣው እንደዚህ ነው በቃ!

ደቡብ አፍሪካዊውን ኮሜዲያን ትሬቨር ኖህን ውሰዱ። እ.ኤ.አ በ1984 ጆሃንስበርግ ሲወለድ የጥቁር እናቱና የነጭ አባቱ ግንኙነት በአፓርታይድ ህግ ወንጀል ነበር። ሀገሩ ላይ በመድረክና በቲቪ ተገራ፣ በ2015 ዴይሊ ሾው የሚባለውን የአሜሪካ የቲቪ ቀልድ ፕሮግራም ከጆን ስቱዋርት ተረከበ፣ በዓመቱ የልጅነት ታሪኩን መጽሐፍ አርጎ አወጣ፣ በ2022 ደግሞ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ።

እኛም ጋ እኮ አለባቸው ተካ ነበረ! ከመድረክ ቀልድ ተነስቶ በኢቲቪ አለቤ ሾውን ሲያቀርብ ሰዉን ያስቅም ያስለቅስም ነበር፣ የመኪና አደጋ ነጠቀን እንጂ። አንድ መጽሐፍ አዟሪ ስለሱ የተጻፈ ነገር አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው አልያዘም። ደረጀና ሀብቴስ? የነሱን ቀልድ በቃሉ የማይዝ የኔ እድሜ ሰው አለ? ግን ኮሜዲያን ትዝ የሚለን በዓል ሲደርስ ብቻ ነው፣ ለእንቁጣጣሽ አስቁን እንላለን፣ ከዛ እስከ ገና ምን በልተው ይኖራሉ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሲታመሙ ደግሞ ገቢ ማሰባሰቢያ። ያናድዳል!

ያረፍኩበት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዘመዶቼ ብሎክ አጠገብ ኮሙናል፣ ማለት የነዋሪው የጋራ ቤት፣ አለ፣ ሰርግና ለቅሶ ካልሆነ በቀር ሁልጊዜ ቁልፍ ነው። ኮሚቴዎቹን በሳምንት አንድ ማታ እንደ ረዳቱ ላሉ ልጆች ክፈቱላቸው ብላቸው "ረብሻ ይሆናል" አሉኝ። የምን ረብሻ? ሰው ደክሞት ከስራ ገብቶ ጎረቤቱ አንድ ሰዓት ቢያስቀው ምኑ ነው ረብሻ? ማይኩንም ስፒከሩንም እኔ እገዛለሁ፣ የኮዬ ልጆች እባካችሁ ቁልፉን እናንተ አስለቅቁልኝ።